ሰባተኛው ጥያቄ

ዓሣ ሻጭ በማስተርስ ምን ትሠራበታለች ብለው ከጠየቁኝ ሰዎች ግማሹ ዘመዶቼ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ዓሣ ከእኔ ገዝተው የሚበሉ ናቸው። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር። "እናንተ በዲግሪያችሁ ምን ሠራችሁበት?" እላለሁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ሱቅ አለችኝ። ሁለት ፍሪዘር፣ አንድ ሚዛንና ከእኔ ጋር የሚሠሩ አራት ሴቶች አሉ። ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆመን ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣና ነጭ ዓሣውን እንረከባለን፤ በፒካፕ ከተማ አስገብተን፣ ቅርፊቱን ፍቀን፣ አጥንቱን አውጥተን ለሆቴሎች እናስረክባለን። ዲግሪዬን የያዝኩት በማታ ነው። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም፤ እጅ በሎሚ ቢታጠብም የዓሣ ሽታ ቶሎ አይለቅም። እኔ ግን አንድም ቀን ወደ ኋላ ወንበር አልሄድኩም። የሸተተው ይሂድ እያልኩ ከፊት ተቀምጬ ጨረስኩ።

የዛሬ ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ያለ አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ በክልል ከተሞች የራሳቸውን ሥራ ለሚመሩ ሰዎች ነጻ የማስተርስ ትምህርት ዕድል አወጣ። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ማመልከቻ ሞልቼ ላክሁ፤ ለቃለ መጠይቅ አልፈሻል፣ እሱም በኮምፒውተር ይሆናል አሉኝ። ዕድሉን የፈለግሁት ለጌጥ አይደለም። ጫሞ ዳር ጀልባዎቹ ሁሉ የሚጠቀሙበት አንድ የማቀዝቀዣ ክፍል እንዲሠራ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። የሄድኩበት ሁሉ "የአዋጭነት ጥናት አምጪ" ይለኛል። ጥናቱን የሚጽፍልኝ ሰው ሳገኝ ደግሞ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ወረቀቱ ላይ የጸሐፊው ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ጥናቱን ራሴ ልጽፈው ወሰንኩ። ያ ወንበር ይገባኛል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ሊያዘጋጀኝ የተነሳው የአክስቴ ልጅ ነው። ሴቻ በሚባለው የላይኛው ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ማስተርሱን አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ክፉ ሰው አይደለም። ከሥራ ሲወጣ በባጃጅ እየመጣ፣ ሴቶቹ ዓሣ ሲፍቁ እሱ እያስጠናኝ፣ አንድም ብር ሳይጠይቀኝ ነው የደከመው። አሥራ ሁለት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው አትሞልኝ ነበር።

"ዓሣ ነው የምሸጠው አትበይ" አለኝ በመጀመሪያው ቀን። "የውሃ ምርት አቅርቦት ሥራ አስኪያጅ ነኝ በይ።"

"ዓሣው ምን በደለ?"

"እህቴ፣ ዓሣን መብላት በብልሃት ነው። ዝም ብለሽ አጥኚ።"

አጠናሁ። የተጣላነው በመልሱ ሳይሆን ከመልሱ በፊት ባለው ዝምታ ነው። እኔ ያደግሁት ደጋው ላይ፣ ገረሴ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ፣ ማለት ነገር በሚታይበት ሜዳ ላይ፣ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ መሬት መሬት ያያል። ጥያቄው ገብቶት፣ ተቀምጦለት፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። ቶሎ የመለሰ ሰው መልሱን ከቤቱ ይዞ የመጣ ነው ይባላል። የአክስቴ ልጅ ግን እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሦስት ላይ ካልጀመርኩ ጠረጴዛውን ይመታል።

"ኔትወርክ የተቋረጠ ነው የሚመስላቸው" ይለኛል።

"እያሰብኩ ነዋ።"

"አስበሽ ጨርሰሽ ነው የምትገቢው። እዚያ ማሰብ የለም።"

ሰባተኛው ጥያቄ "በሥራሽ ላይ የፈጸምሽውን አንድ ከባድ ስህተት ንገሪን" የሚል ነበር። ከሥሩ መልሱ ተጽፏል። "ትልቁ ስህተቴ ሥራን ለሌሎች አለማካፈሌ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ራሴ ካልሠራሁት አላምንም ነበር" ይላል።

"ይሄ ስህተት ነው?" አልኩት።

"ስህተት የሚመስል ጥሩ ነገር ነው። ሁሉም ሰው የሚመልሰው እንደዚህ ነው።"

እኔ የማውቀው ስህተት ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ አስተኝቼው ኖሬያለሁ። ለአክስቴ ልጅ ግን ስምንተኛውን ጥያቄ አነበብኩለት።

ቃለ መጠይቁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ወደ ገረሴ ወጣሁ። አባቴ ገበሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። እሁድ ከአምልኮ መልስ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን ሰጠሁትና እንደ ጠያቂዎቹ ሆኖ እንዲጠይቀኝ ለመንኩት። መነጽሩን አድርጎ፣ ጥያቄዎቹን ወንጌል በሚያነብበት ድምፅ፣ ቃል በቃል አነበበ። እኔም በሦስት ቆጠራ እየጀመርኩ እንደ ውሃ አንቆረቆርኩለት። ስድስቱን አለፍን። ሰባተኛውን ጠየቀኝ፤ ሥራ አለማካፈሌን ነገርኩት።

አባቴ ወደ ስምንተኛው አላለፈም። ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ "ሌላስ?" አለኝ።

ሰዓት አላከብርም ነበር አልኩት። ያንንም እዚያው ፈጠርኩት።

"ሌላስ?"

"አባ፣ ወረቀቱ ላይ 'ሌላስ' የሚል የለም።"

"ወረቀቱ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ይህቺ ቃል ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። ድሮ በእኛ አገር ከብት ሲሞት፣ ልጅ ታሞ አልድን ሲል፣ አንድ የተሸሸገ በደል አለ ይባል ነበር፤ ጎሜ ይሉታል። ያ ሰው ዱቡሻ ወጥቶ በደሉን ይናገራል። ሽማግሌዎቹ አይቆጡም፣ አይመክሩም፤ የሚሉት "ሌላስ?" ብቻ ነው፣ ሰውየው ውስጥ ምንም እስከማይቀር። አባቴ ወንጌል ከተቀበለ በኋላ ጎሜ የሚባል የለም፣ ኢየሱስ ጨርሶታል ይላል። እምነቱን ቀየረ፤ ጥያቄዋ ግን አፉ ላይ ቀረች። ልጆች ሆነን ስኳር ስንሰርቅ የምታወጣን እሷ ነበረች።

ተናደድኩ። የመጣሁት ልለማመድ እንጂ ንስሐ ልገባ አይደለም አልኩት። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ አራት ሰው ይዤ እሠራለሁ፣ እንደ ልጅ አትመርምረኝ አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። አባቴ እንሰቱን እያየ ጠበቀኝ። ስጨርስ "ሌላስ?" አለ።

ነገርኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ፍሪዘሩ ውስጥ አንድ ሆቴል ለእሁድ ሰርግ ያዘዘው ዓሣ ነበር። ቅዳሜ ከፍቼ አሸተትኩት። ያለፈበት ዓሣ እኔን አያታልለኝም፤ አወቅሁ። ሆቴሉ ግን ትልቁ ደንበኛዬ ነው፣ የለኝም ማለት አልፈለግሁም። ሴቶቹን በሎሚና በጨው እንዲያጥቡት አዘዝኳቸው፣ በረዶ ደፍቼበት ላክሁት። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ታመሙ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሲጠራኝ በሩ ላይ ሳልደርስ ውሸቱ አፌ ላይ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ሦስት እስኪቆጠር አልቆየሁም። ዓሣው የመጣው ከአንድ አዛውንት ጀልባ ነው፣ ሰውየው መረቡን ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ጥሎት ዓሣው እዚያው ሞቶ ከርሟል አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወሬው ሲቀላ ሳይደርስ ጫሞ ደረሰ። ከእሳቸው ጀልባ የሚገዛ ጠፋ፤ ጀልባው ዳር ላይ ተገልብጦ በፀሐይ ተሰነጠቀ። እሳቸው ግራር ሥር ቁጭ ብለው የሌላ ሰው መረብ ይጠግኑ ጀመር። እኔ በየጠዋቱ በአጠገባቸው ሳልፍ "እንዴት አደሩ ጋሼ?" እላለሁ፤ እሳቸውም "እግዜር ይመስገን" ይሉኛል። ሁለት ዓመት እንደዚህ ሰላም ተባባልን።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ጊዜ ብቻ "ሌላስ?" አለ። የለም አልኩት። እውነትም አልነበረም።

"ይህን ለአዲስ አበባ ሰዎች ከመንገርሽ በፊት ሊሰማው የሚገባ ሰው አለ" አለኝ።

"ለአዲስ አበባ ሰዎች እነግራለሁ ማን አለህ?"

"አንቺ ነሻ። ስህተትሽን ሲጠይቁሽ ሌላ ልትነግሪያቸው ነው?" ወረቀቱን መለሰልኝና ላሟን ሊያይ ተነሳ።

በመኪና ስወርድ ከአባቴ ጋር፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር፣ ከጠያቂዎቹም ጋር በሆዴ ስጣላ ነው የወረድኩት። ለአንድ ወንበር ብዬ የጨው ሎሚ ዓሣ መልሼ ልሸጥ ነው እንዴ? ሰባተኛው መልስ ያው አልነበረም? የሸተተ ነገር ታጥቦ፣ በረዶ ተደርጎበት። ያን ጊዜ ፈርቼ ነው ያደረግሁት፤ አሁን ደግሞ አጥንቼ ላደርገው ነው። እንዲህ ሆኜ ከምማር ባልማር ይሻላል አልኩ። ይህን ያልኩት ለጽድቅ አይመስለኝም፤ እልህ ይዞኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጫሞ ዳር፣ ግራሩ ሥር፣ ከፊታቸው ቆምኩ። ጀልባዎቹ እየገቡ ስለነበር ሰው ብዙ ነው። ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዛውንቱ መረቡን መጠገን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "መረቤን ማታ ጥዬ ጠዋት ማንሳቴን እኔ አላውቅም?"

"ታዲያ ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ለምን ዝም አሉ?"

"የምናገረው እኔ ነኝ እንዴ?"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

"ለእኔ የነገርሽኝ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም" አሉ። "ውሸቱን የተናገርሽው ሆቴል ነው፤ እውነቱንም እዚያው ሂጂና ተናገሪው።"

መጀመሪያ አብረውኝ ለሚሠሩት ሴቶች ነገርኳቸው፣ ሆቴሉ ከቀረ ሥራቸው ይጎዳልና። ታላቋ ቢላዋን አስቀምጣ "ዓሣውን ያጠብነው እኛ አይደለን? ምኑን ነው የምትነግሪን?" አለችኝ። ከዚያ ሆቴል ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ እስክጨርስ ሰምቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአንቺ አልረከብም አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አልረከብም ነበር። ልወጣ ስል ግን "ሽማግሌውን ላኪልኝ" አለ። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። አዛውንቱ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። "እርቁ ይቆያል፣ ገና ነው" አሉ። "ጀልባዬ ሲጠገን ዓሣ ግን እሸጥልሻለሁ።"

የአክስቴ ልጅ ሲሰማ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?" አለኝ።

"ዘንዶው እኔ ቤት ነው ሲያድር የከረመው።"

"እሺ፣ ተናዘዝሽ፣ ጥሩ። እዚያ ግን የጻፍኩልሽን በይ። እህቴ፣ እለምንሻለሁ። አንድ ቦታ ናት።"

መሬት መሬት አየሁ፤ እሱም እሺ ያልኩ መሰለው።

ቃለ መጠይቁ በእሱ ቢሮ ሆነ። ቅዳሜ ነበር፣ ሕንፃው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩን በፋይሎች ክምር ላይ አስቀመጠው፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቆመ፤ እኔ አየዋለሁ፣ እነሱ አያዩትም። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሰብሳቢው አንድ ሽበታም ሰው፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ ወጣት። ራስሽን አስተዋውቂ አሉኝ።

"ዓሣ ሻጭ ነኝ" አልኩ። የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ጨፈነ።

በእንግሊዝኛ ጀመርን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽበታሙ ሰው በአማርኛም መቀጠል ትችያለሽ አሉኝ። ከአማርኛ በፊት የሚመጣልኝ ጋሞኛ ነው፤ ቢሆንም ከእንግሊዝኛው ይሻለኛል ብዬ ቀጠልኩ። በየጥያቄው መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምመልሰው። ወጣቱ ሁለት ጊዜ "ይሰማዎታል? ተቋረጠ እንዴ?" አለ። "አልተቋረጠም፣ እያሰብኩ ነው" አልኩት። በሦስተኛው መጠየቁን ተወ።

ከዚያ ሴትዮዋ ጠየቀችኝ። "በሥራዎ ላይ የፈጸሙትን አንድ ከባድ ስህተት ይንገሩን።" ቃሉ ራሱ ወረቀቱ ላይ የነበረው ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለት እጁን አንስቶ፣ ሁሉንም ነገር ራሷ የምትሠራ ሴት ሆኖ አሳየኝ። ጀርባውን ያጎብጣል፣ ይሸከማል፣ ይጠርጋል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ሎሚውን፣ ሰርጉን፣ ሽማግሌውን። የአክስቴ ልጅ ትወናውን አቁሞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወጣቱ ወረቀት አገላበጠ።

"ማመልከቻዎ ላይ ግን ይህ ሆቴል ዋና ደንበኛዎ ነው ይላል።"

"ማመልከቻውን ስጽፍ ነበር። አሁን ቀርቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

"ይህን መንገርዎ ቦታውን ሊያሳጣዎት እንደሚችል አላሰቡም?" አለች ሴትዮዋ።

"አስቤበታለሁ" አልኩ። "ቦታውን በጣም ነው የምፈልገው። ግን ይህን ነገር ስትሰሙ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ከእናንተ የባሰ የምፈራውን ሰው አስቀድሜ ነግሬው መጥቻለሁ፤ እናንተን አልፈራም።"

እንዲህ ማለት አልነበረብኝ ይሆናል። ብዬዋለሁ። ሦስቱም ጻፉ።

በመጨረሻ ሽበታሙ ሰው ለእኛ ጥያቄ ካለሽ አሉኝ። ለዚህም የተዘጋጀ አለ፤ "የቀድሞ ተማሪዎቻችሁ ዛሬ የት ደርሰዋል?" ነው የሚለው። የአክስቴ ልጅ ቢያንስ እሱን እንድል በዓይኑ ለመነኝ። አዘንኩለት። ግን ደሜ ሞቆ ነበር።

"እኔ የሠራሁትን ስህተት ጠይቃችሁኝ ነግሬያችኋለሁ" አልኩ። "ከመግባቴ በፊት እናንተም የትምህርት ቤታችሁን ንገሩኝ።"

ሦስቱም ፊቶች አልተንቀሳቀሱም፤ አሁን በእርግጥ ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። አልሄደም። ሽበታሙ ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛቸውን እያዩ ነበር። ወጣቱ የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙት።

"ባለፉት ዓመታት በዚሁ ዕድል ከክልል የተቀበልናቸው ተማሪዎች ነበሩ" አሉ ቀስ ብለው። "አብዛኞቹ አቋርጠው ሄዱ። ለምን እንደሄዱ አልጠየቅናቸውም። ሪፖርቱ ላይ 'በግል ምክንያት' ብለን ጻፍን። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አንገቴን ነቀነቅሁ። አባቴ እንደሚያደርገው ትንሽ ጠበቅሁ።

"ሌላስ?" አልኳቸው።

የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ጣቶቹን ይዤ አስቀረሁት። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰዓቱ እንዳለቀ የነገረችኝ ሴትዮዋ ናት፣ አመስግነው ዘጉ።

ለአንድ ወር የአክስቴ ልጅ አላናገረኝም። እኔም ፍሪዘሬን ግማሽ ባዶ ይዤ፣ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ካምባ ከተማ ድረስ ስመላለስ ከረምኩ። ወንበሩን አጥቼው ይሆናል ባልኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ብጠየቅ ግን ያንኑ ነው የምደግመው እያልኩ እበሳጫለሁ። ጫሞ ዳር የአዛውንቱ ጀልባ ተጠግኖ ውሃ ገባ። በወጣ በሁለተኛው ጠዋት ከሆቴሉ የተረፋቸውን ቆሮሶ ሸጡልኝ፤ እየመረጡም አልሰጡኝም፣ እየቀነሱም አልሰጡኝም፤ እንደማንኛውም ሰው ነው የሸጡልኝ። እርቁን ገና ነው ብለዋል፣ እኔም አልቸኮልኩም።

ደብዳቤው በስልኬ የመጣው እዚያው ዳር ላይ ቆሜ ነው። እጄ ቅርፊት በቅርፊት ስለነበር በክንዴ ነው የከፈትኩት። ተቀብለንሻል ይላል፣ የምዝገባው ቀን ይላል፣ ይዘሽ ነይ የሚሉት ወረቀት ዝርዝር አለ። ከሁሉም በታች፣ ከሰብሳቢው ስም በላይ፣ እንደ ሌላው ያልሆነች አንዲት መስመር ነበረች። "ስለጠየቅሽን፣ ሌላም አለ፤ መጥተሽ ስሚው።"

እሄዳለሁ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ እሰማዋለሁ፣ ጨርሰው ሳይነግሩኝም አልነሳም።